ሳልሄድ የተሸኘሁበት ትምህርት

እኔ ሳልሄድ የተሸኘሁ ሰው ነኝ። በግ ታርዶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ሻንጣ ተገዝቶልኝ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ በኪራይ ቤት ተበታትነው፣ ጠረጴዛና ወንበር ከአንዱ ወደ ሌላው በጋሪ ሲጓጓዝ ነው እኔ ከጎጃም አሶሳ የተመደብኩት፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ። ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ እዚያ መጣሌ ያንገበግበኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከሌላ ክልል የሚመጣው አስተማሪ ሁሉ አንድ ሰሞን ወባውንና ሙቀቱን ይቀምስና ዝውውር አግኝቶ ውልቅ ይላል። ሲሄድ ደግሞ ወግ አለው፤ ዕቃ አይሸጥም፣ ይታደላል። ፍራሹ ለአንዱ፣ ምድጃው ለሌላው፣ ጀሪካኑ ለጎረቤት። እኔም የምተኛበት ፍራሽ ከእኔ በፊት ከሄደ አስተማሪ የወረስኩት ነው።

የተከራየሁት አንዲት የበርታ ብሔረሰብ እናት ግቢ ውስጥ ነበር። ማዘር እላቸዋለሁ። አማርኛን ገበያ ላይ ስለተማሩት ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት። ልጃቸው አስራ አንደኛ ክፍል የእኔ ተማሪ ናት።

አንድ ቀን ታዲያ የፊዚክሱ አስተማሪ፣ የወለጋ ልጅ ነው፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ የታተመ ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ። "እንቺ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ከሰል አክስሎ ዶክተር መሆን!" አለኝ። ቀልዱን ነው እንጂ ከእውነቱም ብዙ አልራቀም። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ፣ ብርቅዬ ብረቶችን ከሟሙበት ውሃ ለይቶ የሚያወጣ የካርቦን ቁስ ላይ የሚመራመሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ይፈልጋል፤ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ። ካርቦን የሚሉት በሌላ አነጋገር ከሰል ነው፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ያሉት፣ ብረቱን ይዞ ውሃውን የሚያሳልፍ ከሰል።

እኔ ደግሞ የት ነው የተቀመጥኩት? የቀርከሃ አገር! ልቤ ዘለለች። ቀርከሃ ቆራርጬ፣ በርሜል ውስጥ አፍኜ አከሰልኩ። ግቢው በጭስ ሲታፈን ማዘር እያሳላቸው ሳቁብኝ። ከሰሉን ፈጭቼ ቀለም የገባበት ውሃ አሳለፍኩበት። ውሃው ጥርት ብሎ ሲወርድ ብቻዬን ጮህኩ። ይህን ሁሉ ጽፌ አመለከትኩ፤ ከወራት በኋላም "በስልክ እናነጋግርሽ" የሚል መልስ መጣ።

ያ ስልክ ሕይወቴ ነበር። ካለፍኩ ዶክትሬት፣ ከወደቅኩ ወባ።

በቀጠሮው ቀን ቴሌ ሄድኩ። ስልኩ ያለው እንደ ቁም ሳጥን በጠበበ የእንጨት ክፍል ውስጥ ነው፤ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉንም ይሰማል። ያነጋገረኝ ፕሮፌሰር ረጋ ያለ ሰው ነው። "ከሰል ወርቅ እንደሚይዝ የታወቀ ነው" አለኝ። "እኛ የምንፈልጋቸው ብረቶች ግን እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ያንቺ ካርቦን አንዱን ይዞ ሌላውን የሚለቀው በምን ምክንያት ነው?"

ጥያቄው ይኸው ነው። ዶክትሬቱም ራሱ ይኸው ጥያቄ ነበር። እኔ ድንብርብሬ ወጣ። አፌን ስከፍት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በየስብሰባው ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው፤ "ክልላችን በወርቅ፣ በእብነ በረድና በቀርከሃ ሀብት የታደለ ነው።" አዲስ ክልል አይደል፣ የውሃ ቧንቧ ሲመረቅም ሆነ ወላጆች ሲሰበሰቡ ንግግር የሚከፈተው በዚህ ነበር። ሰውዬው ታገሰኝ። "ገባኝ፤ ግን በምን ይለየዋል?" አለ። እኔ ስለ እብነ በረዱ ቀጠልኩ! መስመሩ ስለሚቆራረጥ ደግሞ እየጮህኩ ነው። ኧረ በስመ አብ!

ላብ አጥምቆኝ ስወጣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ በአድናቆት አፈጠጠብኝ። "ከፈረንጅ ጋር እንዲያ ስትከራከር! ምን አንደበት ነው!" አሉ። ከተማው ትንሽ ነው፤ በማግስቱ በሰው ወሬ እኔ ሄጃለሁ፣ አለቀ። "ኧረ መልስ አልመጣም" ስል "አትደብቂን፣ ቡዳ አይደለንም" ይሉኛል። ወድቄያለሁ ማለት አፈርኩ። ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል በጉ ታረደ። ከትምህርት ቢሮ የመጡት ኃላፊ ተነስተው "ክልላችን በወርቅ፣ በእብነ በረድና በቀርከሃ ሀብት የታደለ ነው" ብለው ሲጀምሩ ብርጭቆዬን አንስቼ ፊቴን ከለልኩበት። "ዶክተር ሆና ትመለስልናለች" አሉ። ተጨበጨበ። ማዘር ብቻ ለሙስሊሞቹ ተለይቶ የታረደውን ሥጋ ሳይነኩ አቀርቅረው ነበር፤ ሽኝት አይወዱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ዕቃዬም ታደለ። ፍራሹን የፊዚክሱ አስተማሪ ራሱ ተሸክሞት ሄደ፤ ወንበሮቹንም ወሰደ።

ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ደረሰ። ሌላ አመልካች መርጠዋል። እንደ ጨዋ ሰው መልካም ዕድል ተመኝተውልኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። "ቪዛ ነው የያዘኝ" እያልኩ ሰሌን ላይ መተኛት ያዝኩ። የፊዚክሱ አስተማሪ ሻይ ሲጠራኝ የምቀመጠው የራሴው ወንበር ላይ ነው፤ "ዶክተር፣ ስኳር ልጨምርልሽ?" ይለኛል። ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ መቼ ነው?" ይላሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊቴን አዙሬ የማይረባ ነገር እጽፋለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ጠዋት ማዘር ሳያንኳኩ ገቡ። ሰሌኑን አዩ፣ እኔን አዩ። "ምንድነው? መሬት ይተኛል አንተ?"

መዋሸት ሰለቸኝ። "አልተቀበሉኝም፣ ማዘር። የትም አልሄድም።"

ደፉ ላይ ቁጭ አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ያዘኑልኝ መሰለኝ።

"እኔ ነው" አሉ። "አንተ ያስቀረ እኔ ነው። እነሱ በግ ያርዳል፣ እኔ ዱዓ ያደርጋል። ያ አላህ፣ ይሄ አስተማሪ አይሂድ አልኩ። አስተማሪ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጄ ትምህርት ሁሉ ግማሽ ነው። እኔ አበላሸ አንተን። አትቀየመኝ።"

"ኧረ ማዘር! እርስዎ ምን አደረጉ? የወደቅኩት እኔ ነኝ። ተጠየቅኩ፣ አላወቅኩም።"

"አንተ? አያውቅም?" በእንባቸው መሀል ሳቁ። "ልጄ ይላል፣ አንተ ሁሉ ያውቃል።"

ሰሌኑን መጠቅለል ጀመርኩ።

"አሁን እዚህ ይቀራል አንተ?"

"እቀራለሁ" አልኩ።

የምቀረው መሄጃ አጥቼ ነው። በማግስቱ ሌላ ማስታወቂያ ቢመጣ ለልጅቷ ብዬ የምቀር አልነበርኩም። እሳቸው ግን ለልጃቸው ብዬ የቀረሁ መስሏቸው፣ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ፣ ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙኝ። ልነጥቃቸው ብሞክር ጠበቅ አድርገው ያዙት።