ለእትብት የመጣው ምላጭ

ያን ቀን ጠዋት አንድ ወረቀት ገልብጬ ጀርባውን ማየት አቃተኝ። ሌላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ወላይታ ገና በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለች፣ ሶዶ ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 ሳይፈረምልኝ መርፌ እንኳ ከመጋዘን አይወጣም እያልኩ ስኩራራ ለሰማኝ፣ መጋዘኑን አባቴ ያወረሰኝ ነበር የምመስለው። በዚያ ዕለት ሲሠለጥኑ የሰነበቱ የልምድ አዋላጆች የማዋለጃ ቦርሳቸውን ተቀብለው ወደየቀያቸው ሊመለሱ ነው። ፎቶ አንሺ ይመጣል ተብሏል፤ የኔ ጢም ደግሞ የሳምንት ነው። ቦርሳዎቹን ከስም ዝርዝሩ ጋር ሳመሳክር አንድ ቦርሳ ተረፈ። ትርፉን ምን ያደርጉታል ብዬ ከውስጡ አዲሱን ምላጭ አወጣሁና የመጋዘኑን መስኮት መስታወት አድርጌ መላጨት ጀመርኩ። ቀኝ ጉንጬን ጨርሼ ወደ ግራው ልሻገር ስል ዝርዝሩን ንፋስ ጣለው። ሳነሳው፣ ጀርባው ላይ የአንዲት ሴት ስም ቁጭ ብሏል።

ምን እንደማደርግ ሳልወስን ቦርሳዎቹን አምጣ ተባልኩ።

አሠልጣኟ ሲስተር ዕቃ ዝም ብላ የምታድል ሴት አልነበረችም። እያንዳንዷ አዋላጅ ቦርሳዋን ከፍታ ሳሙናውን፣ የእትብት ማሰሪያውን ክርና ከነወረቀቱ ያለውን ምላጭ እንድታሳይ አደረገች። መጨረሻ ላይ ከጉኑኖ አካባቢ የመጡ አጠር ያሉ እናት ቀሩ። ቦርሳውን በርብረው በርብረው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ዐረፈ።

«ሲስተር» አሉ ረጋ ብለው፣ «የኔ ምላጭ እዚያ ሰውዬ ጉንጭ ላይ ሥራ ጀምራለች።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ምላጩን ቀቅዬ እመልሳለሁ ብዬ ተንተባተብኩ። ሲስተር አልተቆጣችም፤ ይባስ ብላ የፈተና ጥያቄ አደረገችኝ። መሐል ላይ አቁማ ፊቴን ወዲያና ወዲህ እያዞረች፣ በዚህ ላይ ያለፈ ምላጭ እትብት ይቆርጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ከዲምቱ የመጡ አንዲት አዋላጅ ጉንጬን በቅርብ አይተው፣ እንኳን ለሕፃን ለፍየልም አይሆንም አሉ። ሁሉም አለፉ። የወደቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የጉኑኖዋ እናት ግን ሳቁን ቶሎ ተዉት። አማርኛውን ከወላይትኛ እየቀላቀሉ ነገሩን። ባለፈው ዓመት የልጃቸውን የበኩር ሕፃን ያዋለዱት ራሳቸው ናቸው፤ እትብቱን የቆረጡት በጓዳ ቢላዋ ነው። በሳምንቱ የሕፃኑ መንጋጋ ተቆለፈ፤ ጡት መያዝ አቃተው፤ ሞተ። ልጃቸው አሁን ደግሞ ወሯ ገብቷል።

«ያኔ አላወቅኩም» አሉ። «ዛሬ አውቄ ባዶ እጄን አልሄድም።» ሄደውም የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

ወደ ጉኑኖ የሚመለሰው መኪና ሊነሳ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ምላጭ ስላልነበረ በግማሽ ጢም ወደ ገበያ ሮጥኩ። ለካ ቀኑ ዓርብ ነው፤ ምላጭ የሚሸጠው የስልጤ ባለሱቅ ለጁምዓ ሶላት ዘግቶ ሄዷል። መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከሶላት የሚወጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ በቀኜ ያየኛል፤ ከዚያ ዞሮ በግራዬ ያየኛል።

ባለሱቁ ሲወጣ፣ «ወንድሜ፣ ከየትኛው ፀጉር አስተካካይ ነው ያመለጥከው?» አለኝ።

ጉዳዩን ስነግረው ግን መቀለዱን ትቶ ከኔ ቀድሞ ወደ ሱቁ ሮጠ። ያልተከፈተ እሽግ ገዝቼ ስመለስ፣ ሲስተር ከሾፌሩ ጋር እየተከራከረች መኪናውን አስቁማዋለች። እናት እያንዳንዱን ምላጭ ወደ ፀሐይ እያነሱ ወረቀቱ አለመቀደዱን አዩ። ለግራ ጉንጬ አንድ ብቻ ብላቸው ቦርሳውን ዘጉና፣ «ልጄ፣ ያንተ ጢም አያስምጥም፤ ይቆይ» ብለውኝ መኪናው ላይ ወጡ። ፎቶው ላይ የምታዩኝ በጎን ነው።

ከወር በኋላ የጉኑኖዋ እናት በገበያ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ብቅ አሉ። ሴት ልጅ ተወልዳለች። እትብቷ ደርቆ ወድቋል፣ ያቺ የፈሩት ሳምንት አልፋለች፣ ጡቱንም ትጎትታለች። ለሲስተር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ነበር። ሲስተር ለስብሰባ አርባ ምንጭ ስለወረደች አደራውን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለእኔ።

በመጀመሪያው ቀን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ አበላሽቶት እንዳይሆን ብዬ ጫፉን ቀመስኩ፤ ለምርመራ ያህል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ የበቆሎ ገንፎ አገነፋች።

ሲስተር ስትመለስ ሕፃኗ መትረፏን ነገርኳት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጠረገችና፣ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ አለችኝ። ስለ ቅቤው ልናገር የተከፈተው አፌ እዚያው ተዘጋ። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ቆየን፤ ባገኘችኝ ቁጥር ስለዚያች ልጅ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያን ጥቅል ቅቤ እስከ ዛሬ አልከፈልኳትም።