የኢምራን ፊት በጥቁርና ነጭ

ጋሽ ቡርሃን ፊልም አንሺ ነበር። ፎቶ አይደለም፤ የሚንቀሳቀሰውን፣ ስፋቱ ከጫማ ክር የማይበልጠውን ትንሹን ፊልም። ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ ከእኔ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሠርግ ሲያነሳ፣ ፊልም ሲያጥብ ኖረ። ዛሬ እሱም የለም፣ ክፍሏም የጫማ መጋዘን ሆናለች። ካሜራውን ሰቅሎ ሥራውን ለምን እንደተወ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ከወሎ መጥቶ መርካቶ የከተመ ሰው ነው፤ ንግድ ግን አልሆነለትም። «ጋሼ፣ መርካቶ ተቀምጠህ መርካቶ ሳይገባህ አረጀህ» እያልኩ አሾፍበት ነበር። መንግሥት ተለውጦ የውጭ ዕቃ እንደ ልብ መግባት ሲጀምር፣ ቪዲዮ ካሜራ የተሸከመ ጎረምሳ ሠርግ ቤቱን ሁሉ ሲሞላው እንኳ፣ እሱ በእጅ የምትሞላ ካሜራውን ይዞ ጥግ ይቆማል። ሰው ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

የሚከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። «ባለቀለሙ ልስልስ ነው» ይላል፤ «እንደ ተነፋ ዱቄት ነው፣ አሸዋው አይታይህም። ግን ጠርዝ የለውም፤ አፍንጫው የት አልቆ ጉንጩ የት እንደሚጀምር አታውቅም። የጥቁርና ነጩ አሸዋ ሻካራ ነው፣ አልዋሽህም። መስመሩ ግን ይቆርጣል።» አሸዋ የሚለው ምስሉ የተሠራበትን ደቃቅ ነጥብ ነው። ገበያ በደራበት ሰዓት መጥቶ ይህን ሲያስረዳኝ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር።

ባለቀለም ፊልም ውድ ነበር፤ ለማጠብም ባሕር ማዶ ይላካል። ስለዚህ የሰፈራችን ደንብ አንድ ነው፤ ቀለሙ ለሴቶቹ ወገን፣ ጥቁርና ነጩ ለወንዶቹ። ሴቶቹ ጋ ሒናው አለ፣ ሐሩ አለ። ወንዶቹ ጋ ምን ቀለም አለና ነው? ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የእትዬ ጠሂራ ሴት ልጅ በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ስትዳርም እንዲሁ ተደረገ። እትዬ ጠሂራ የቡርሃን የአገር ሰው ናት፤ ሶማሌ ተራ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ወንድ ልጇ ኢምራን ያን ቀን ማስታጠቢያ ይዞ እንግዶቹን ሲያስታጥብ ዋለ። ሙሽራው ሲመጣ ደግሞ «አናስገባም» ብለው በሩን ከያዙት ወጣቶች አንዱ እሱ ነበር፣ አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ። የሙሽሪት በር ከሴቶቹ ወገን ስለሚቆጠር በሩ ላይ ያለው በቀለም ተነሳ፤ ማስታጠቡ በጥቁርና ነጭ።

ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ ኢምራን ወደ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። መርዶው የደረሰው ዘግይቶ ነው። በመሀል ደግሞ እነ እትዬ ጠሂራ መንደር እሳት ተነስቶ ቤቷን ከነአልበሙ በልቶት ነበር። ክፉ ነገር ሲመጣ ብቻውን አይመጣም የሚሉት እውነት ነው፤ በእሷ ላይ ሲሆን ግን እኔም ፈጣሪዬን እስከ መማረር ደርሻለሁ።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ወደ ቡርሃን ክፍል መጣች። እኔም ነበርኩ።

«ጋሽ ቡርሃን፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «ድምፁ አለ። ፊቱን ላስበው ስል ግን የአባቱ ይመጣብኛል። እባክዎ አንድ ፎቶ ያውጡልኝ።»

የሠርጉ ፊልም እሱ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ቡርሃን ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መጀመሪያ ባለቀለሙን በማሳያ ማሽኑ አስኬደላት። ፊልሙ ሳይነሳበት በፊት በቆርቆሮው ሙቀት ብዙ ከርሞ ነበርና ሁሉም ነገር ቀልቷል። አረንጓዴው ሸሚዝ ቡናማ ሆኗል፤ በሩን የያዙት ልጆች ፊታቸው በእንፋሎት ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ከመካከላቸው ልጇን ለመለየት ተቸገረች።

ቀጥሎ ጥቁርና ነጩን ጫነ። ኢምራን ከእንግዳ ወደ እንግዳ እያጎነበሰ፣ ውሃ እያፈሰሰ መጣ። ካሜራው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ሳቀ። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ በልጅነቱ ከጋሪ ወድቆ ያተረፋት፣ ቁልጭ ብላ ታየች።

«ልጄ» አለች እትዬ ጠሂራ።

ይደገምላት ብዬ ነበር፤ ቡርሃን እምቢ አለ። «ፊልሙ አርጅቷል። ባስኬድነው ቁጥር ይጫራል፤ ለፎቶው እንቆጥበው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ሲሄድ እኮ አንዱ ምስል የጎደለውን ቀጣዩ ይሞላዋል። ነጥለህ ስታወጣው አሸዋው ይበዛል» አለኝ። ፈርቶ ነበር። ቢሆንም ለእሷ ሲል ሳቁ ያለበትን ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ፣ ኮምፒውተር ላለው አንድ ፎቶ ቤት ሰጠ።

የፎቶ ቤቱ ልጅ ፉርቃን ይባላል፤ ጨዋ ነው። ከቁራጩ የጠራችውን አንዲት ምስል መርጦ የስካነሩ መስታወት ላይ ለጠፋት፤ ወደ ኮምፒውተሩም አስገባት። ሲያሳድጋት አሸዋ ብቻ ሆነችበት። የሞተ ልጅ ፎቶ መሆኑን ስለሰማ አምሮ እንዲወጣ ለፋ፤ ለሙሽራም ለምሩቅም እንደሚያደርገው አለሰለሰው፣ ፊቱን አቀላው፣ ከኋላውም አበባ ያለበት ግቢ አደረገለት። ዋጋም አልቀበልም አለ።

እትዬ ጠሂራ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ነው?»

ቡርሃን ነጥቋት አየ። ጠባሳዋ የለችም። ቅንድቡም የሌላ ሰው ነው። ወጥቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጠ፤ በዚያ ዕድሜው። እኔም ተከተልኩት።

«መጀመሪያ ያስገባኸው የታል?» አለው ፉርቃንን።

«በላዩ ላይ ነው የሠራሁት፣ ጋሼ። የድሮው የለም።»

«ፊልሙስ?»

«ከመስታወቱ ሳላቅቃት ተቀደደች። የተረፈውንም ምን ያደርጋል ብዬ ትናንት ከቆሻሻ ጋር አወጣሁት።» ፊታችንን አይቶ ደነገጠ። «ያ ሁሉ ነጥብ እኮ ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ጠባሳ መኖሩን በምን ልወቅ?»

አንገቱን ላንቀው ቃጥቶኝ ነበር። ግን ምን ይፈረድበታል? ሰው ሁሉ አጥፋልኝ ሲለው የሚውል ልጅ ነው፤ ጠባሳዬን ተውልኝ ብሎት የሚያውቅ የለም።

ስንመለስ እትዬ ጠሂራ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ቡርሃን የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት። ከዚያ የተቆረጠውን ፊልም ጫፍ ለጫፍ አጣብቆ ማሽኑን አስነሳ፤ መጫሩን ማን ያስበዋል። ኢምራን እያጎነበሰ፣ ውሃ እያፈሰሰ መጣ። ቀረበ። ቀና ሊል ሲል ምስሉ ዘለለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው እንግዳ ሲሄድ ታየ። ቡርሃን መለሰው፤ እንደገና አስኬደው። እንደገና ያው ሆነ።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት።

«እርስዎ ምን አደረጉ» አለች፤ ዓይኗን ከአንሶላው ላይ ሳትነቅል። «ያን ቀን እዚህ አንሶላ ላይ ሲስቅ፣ እንባዬ ጋርዶኝ በደንብ ሳላየው ነው ያለፈኝ። ፎቶው ላይ አየዋለሁ ብዬ ነው ይደገምልኝ ሳልል ዝም ያልኩት።»