ለውሻው የተለካው ትጥቅ

ዝናብ የነካው የመኪና ሸራ ሲሸተኝ ዛሬም ሆዴ ይሻክራል። ሌላው ሰው በአንድ ጠረን ልጅነቱ ሲመለስለት ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔን ግን ያ ሽታ መተማ ወስዶ፣ አባቴ አንድ ትልቅ ውሻ ፊት ተንበርክኮ ደረቱን በክር ሲለካ ቆሜ ወደማይበት ቀን ይመልሰኛል።

ውሻው አሰድ ይባል ነበር፤ በዓረብኛ አንበሳ ማለት ነው። አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ቡችላ ሳለ ለአባቴ ሰጥቶት፣ በእኛ ቤት አድጎ ጥጃ አከለ። ማሽላው ሲያሽት ከርከሮና ዝንጀሮ ስለሚያወድመው አባቴ አሰድን እየሳበ ማሳውን ይዞር ነበር፤ ውሻው ግን ከርከሮ አይቶ በተወረወረ ቁጥር የአንገቱ ገመድ እያነቀው፣ እየሳለ ይወድቅ ነበር። በጥቅምት አንገቱ ቆስሎ ዝንብ ሲወረው አባቴ ቁስሉን አጥቦ «ከእንግዲህ የማስረው በደረቱ ነው» አለ። የሚያሠራለትንም ነገር ትጥቅ ብሎ ሰየመው።

በጋውን ሙሉ ትጥቅ ሲመርጥ ከረመ። መጀመሪያ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ገበያ፣ የአህያ መቀነቻ አምጥቶ ቢያስርለት ብብቱን ላጠው። ቀጥሎ ኮርቻ ሰፊው ዘንድ ሄዶ የጠፍር አሠራለት፤ እሱም ውሃ ሲነካው ተለጠጠና አሰድ ወደ ኋላ አፈግፍጎ እንደ ሸሚዝ አውልቆት ሄደ። አባቴ አልተናደደም። እኔ አንድ ቅል ብሰብር ቀኑን ሙሉ የሚሰድበኝ ሰውዬ «ጥፋቱ የቆዳው ነው፤ ቆዳ ከክረምት ጋር አይስማማም» ብሎ አለፈው። በመጨረሻ መንገድ ዳር ከተሰበረ የጭነት መኪና ላይ የሸራ ማሰሪያ ለምኖ አመጣና፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ በእግሩ ረግጦ በሁለት እጁ ጎተተው። አልተለጠጠም፣ አልተተረተረም።

ከዚያ አሰድንም እኔንም ይዞ ሸራ ሰፊው አያ ደሴ ዘንድ ሄደ። አባቴ ራሱ ክሩን ከውሻው ማጅራት እስከ ደረቱ፣ ከፊት እግሩ ኋላ ደግሞ ጎድኑን አዙሮ ለካና፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ በየማሰሪያው ሥር ጣቱን እያስገባ ፈተሸ። «ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው» አለ። «አንድ ከሆነ ይልጠዋል፤ እጅ ሙሉ ከገባ ያመልጣል።»

«አያ ሙጬ» አለው አባቴን አያ ደሴ፣ «ውሻውን ሊድሩት ነው እንዴ?»

«ምን አለበት፣ ሙሽራ የተገኘ እንደሆነ።»

«ትጥቅ ካስታጠቁትማ ቀበሌ ያስመዝግቡት። ኋላ ያልተመዘገበ ታጣቂ ተብሎ እንዳይወሰድብዎት።»

አባቴ ሳቀ። በእኔ ወሬ ስቆ አያውቅም።

በቤታችን «ልክ» የሚባለው ቃል ለእኔ ሲደርስ ሌላ ነበር። «ልክህን አሳይሃለሁ»፣ «ቆይ ልክህን ባላስገባህ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ልብሴ ከሱዳን ከሚመጣው ልባሽ ክምር ተመዝዞ ይሰጠኝ ነበር፤ እናቴ «ኧረ ይሄ ሰፋው» ስትል አባቴ ቀና ሳይል «ያድግበታል» ይላት ነበር። እኔ ሳላድግበት ልብሱ ያልቅ ነበር። ፋሲካ ቀርቦ ስለነበር፣ የዚያን ቀን ክሩ በአባቴ እጅ ላይ እያለ ለበዓሉ ልብስ ቢያሰፋልኝ ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ።

«እኔንም ይለኩኝ።»

«አንተ ምን ትጎትታለህ?»

ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ክረምቱ ገባና ወደ ማሳ የምንሻገረው ወንዝ ሞላ። አንድ ከሰዓት ሰሊጥ አርመን ስንመለስ ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ውሃ ወገብ ደርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ጠበቀን። አባቴ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ትጥቁን ከአሰድ አወለቀና በእኔ ራስ አጠለቀው። ትጥቁ ውሻ ውሻ ይሸት ነበር። መዳፉን ከሥሩ ቢከት እጁ ሙሉ ገባ። «ላንተማ ሰፋ» አለና ትርፉን ቋጥሮ ቋጥሮ፣ እንደገና ጣቱን ጎድኔ ላይ አስገባ። ሁለት ብቻ ገቡ። «ልክ» አለ።

የትጥቁን ገመድ በእጁ ጠምጥሞ ቀድሞኝ ገባ፤ መሐል ላይ መሬቱ ከእግሬ ከዳኝ። ውሃው ጭንቅላቴን ሲያልፍ ማሰሪያው ደረቴን ያዘኝ፤ አባቴ ውሃ እየጠጣ፣ እየተንገዳገደ ጎትቶ አወጣኝ። አሰድ ቀድሞን ዋኝቶ ወጥቶ ገላውን ያራግፍ ነበር። አባቴ ትንፋሹ ሳይመለስ ትጥቁን ከእኔ አወለቀ፤ ቋጠሮዎቹን ፈታና አሰድን አስታጠቀው፣ በየማሰሪያው ሥርም ጣቱን እያስገባ ፈተሸ። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተራዬን ጠበቅኩ። «ምን ትገተራለህ? ሂድ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» አለኝ።

ይህን ሳወራ ሰዎች «አዳነህ አይደል፣ ምን ትላለህ ታዲያ?» ይሉኛል። አዳነኝ። እሱን አልካድኩም።

መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ እኩዮቼ ዛፍ ሥር ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ማሳ ላይ የአሰድን ትጥቅ ይዤ እውል ስለነበር፣ ማንበብ የቻልኩት ጎልምሼ ነው። አሁን የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በር ላይ አስቆማትና ከማንገቻው ሥር ጣቴን አስገባለሁ። «አባባ፣ ልክ ነው እኮ፣ ረፈደብኝ» ትለኛለች። ሁለቱ ጣቶቼ እስኪገቡ አለቃትም። እኔ ቤት «ታድግበታለች» አይባልም።

አባቴም አሰድም ከሞቱ ቆዩ፤ ቅናቴ ግን አልሞተም። ያ የሁለት ጣት ልክ አንዴ ደርሶኛል፤ እሱም ለሌላ በተቆረጠ ማሰሪያ፣ ትርፉ ተቋጥሮ።