የጋራዡ ባልዲ

«እሁድን እግዚአብሔር ቀድሟችሁ ይዞታል» ስላልኩ ታሰርኩ። በደርግ ዘመን የቀበሌያችን ስብሰባ ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ነበር። እኔ ቅዳሴውን መርጬ ከስብሰባው ደጋግሜ ቀረሁ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጥታ ለምን እንደምቀር ስትጠይቀኝ ያን መለስኩላት። ምላሴ አያርፍም፤ እናቴ «ይህ አፍሽ አንድ ቀን ያስበላሻል» ትለኝ ነበር። ሊቀመንበሯ ዞራ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትላ ተመለሰች።

«ጓድ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለችኝ።

«ነጠላዬን ልደርብ?»

«ደርቢ። እዚያ ይበርዳል።»

እውነቷን ነበር። የወሰዱኝ ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ሀብታም ተወርሶ ቀበሌ ወደሆነ ግቢ ነው። የሴቶቹ እስር ቤት የግቢው ጋራዥ ነበር። የሲሚንቶው ወለል ገና የሞተር ዘይት ይሸታል። ከአጥሩ ማዶ የቆርቆሮ ሠሪዎች መዶሻ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ጥጉ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ ተቀምጧል፤ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

የክፍሉ አለቃ እዚያው ኮልፌ ጠላ ይሸጡ የነበሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። የቤቱን ሕግ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እዚህ አዲስ የመጣች ባልዲው አጠገብ ትተኛለች። ጠዋት ጠዋትም እሷ ትደፋዋለች። ሌላ ስትመጣ ታስረክቢያለሽ።»

«ካልመጣችስ?»

«ዘንድሮ?» አሉና ሳቁ። «ዘንድሮስ ሰው አይጠፋም።»

ባልዲውን ጠላሁት። አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ሽንት ተሸክሜ በጥበቃዎቹ ፊት ማለፍ አንገቴን ያስደፋኝ ነበር። የምትተካኝን ሴት ስጠብቅ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ተተኪዬ ተገፍትራ ገባች። ያሰረችኝ ሊቀመንበር ነበረች! ምን እንዳጠፋች የነገረን የለም፤ ያን ጊዜ አሳሪው ሲታሰር ምክንያት የሚጠይቅ አልነበረም። ውስጥ እግሯ ተገርፎ አብጧል። በጉልበቷ እየዳኸች ግድግዳው ጋ ደርሳ ተቀመጠች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እትዬ ትኩር ብለው አዩዋት። አንድ ልጃቸውን ጠቁማ ያስወሰደችባቸው እሷ ነበረች፤ የት እንደደረሰ እስከዚያ ቀን አያውቁም።

«ቦታሽን ልቀቂላት» አሉኝ። «ከነገ ጀምሮ ባልዲው የሷ ነው።»

ጠዋት ጥበቃው «ባልዲ!» ብሎ ሲጮኽ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ልትነሳ ሞክራ ወደቀች። አንዷ ሳቀች። ከዚያ በጉልበቷ ሆና ባልዲውን ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።

«ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ቃል ስሰማ ነው ያደግሁት። ያን ጠዋት ውስጤን ብፈትሽ ለዚያች ሴት የሚሆን ፍቅር ጠብታ ታህል አልነበረም። በልቤ፣ ጌታዬ፣ መውደዱስ አልመጣልኝም፤ ባልዲ ማንሳት ግን እችላለሁ አልኩ። ተነስቼ ከእጇ ወሰድኩት።

ደፍቼ ተመለስኩ።

«ማን አዘዘሽ?» አሉ እትዬ።

«ማንም።»

«ልጄን የበላች ናት እኮ!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከሷው ጋር ብይ። ከእኛ ማዕድ እጅሽ እንዳይገባ።»

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። ከየቤታችን የሚመጣው ስንቅ ተደባልቆ ነበር የሚበላው፤ ሳቁም ወሬውም እዚያ ዙሪያ ነው። ከዚያ መለየት በእስር ላይ ሌላ እስር ነበር። እናቴ ከአስኮ በእግሯ የምታመጣልኝን ፍትፍት ጥግ ላይ ከሊቀመንበሯ ጋር ተካፈልኩ። ለእሷ ስንቅ የሚያመጣላት አልነበረም። አንድ ቀን ቀና ብላ «ለምን?» አለችኝ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት። ሴቶቹ «ጻድቋ» የሚል ስም አወጡልኝ።

ባልዲውን ግን በየቀኑ ደፋሁት። በግድ ሳነሳው አንገቴን ያስደፋኝ የነበረ ዕቃ፣ በፈቃዴ ሳነሳው ቀና ብዬ የምሄድበት ሆነ። በጥበቃዎቹ ፊት ዓይናቸውን እያየሁ አለፍኩ።

ከዚያ ትኩሳት ጣለኝ። «ባልዲ!» ሲባል ልነሳ ብሞክር ጉልበቴ ከዳኝ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሊቀመንበሯ ገና ባልዳነ እግሯ እየተንገዳገደች ሄዳ ማንጠልጠያውን ያዘች፤ ሞልቶ ስለነበር ብቻዋን አልቻለችውም።

እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ብድግ ብለው በሌላው በኩል ያዙላት። ልጃቸውን ያጡ እናትና ያስወሰደችባቸው ሴት አንድ ባልዲ በመሃላቸው ይዘው፣ እንዳይፈስ እርምጃቸውን እያስተካከሉ ወጡ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ሲመለሱ እትዬ የውሃውን ጣሳ አነሱ።

«እጅሽን አምጪ፣ ላስታጥብሽ» አሏት።

ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች።

«ለቅሶውን ተዪው። ለቅሶ እኔ ጋ ሞልቷል። ታጠቢና ቅረቢ፤ እንብላ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጻድቋ፣ ተንፏቀሽ ነይ።»

የእትዬ ልጅ አልተመለሰም። እኔ ተፈታሁ፣ አረጀሁም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ቃል ሲነበብ አጠገቤ ያሉ ሰዎች «ይሄስ ከሰው አቅም በላይ ነው» እያሉ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ኩራት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያ እስር ቤት ግን እኮራለሁ፣ ንስሐም አልገባበትም። ቃሉ ሲፈጸም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኮልፌ ውስጥ፣ ልጃቸውን ባጡ እናት እጅ።