አባቴና ሜኔር ለድብ አደን ሲሰናዱ

የድብ ውለታ አለብኝ ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! በዓይኔ አይቼው የማላውቅ፣ ክሮኤሺያ ጫካ ውስጥ የሚዞር አንድ ቡናማ ድብ፣ እሁድ እሁድ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ "ተመስገን" ስል ትዝ ይለኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ ምን ላድርግ፤ አባቴን ከመስኮት ሥር ያስነሳልኝ እሱ ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባሌ ተራራ ሥር ነው። ሥራቸው ለአደን የሚመጡ ፈረንጆችን መምራት ነበር፤ ዱካ ተከትለው የደጋ አጋዘን ካለበት ያደርሷቸዋል፣ በሰላም ወደ ሰፈራቸው ይመልሷቸዋል። ጫካ ሰንብተው ሲመጡ፣ እኛ ገና ሳናያቸው፣ ከሩቅ "እሳት አለ?" ብለው ይጣራሉ። እናቴ ከውስጥ "አለ! ይግቡ!" ትላለች። በቤታችን ከዚህ የተለየ ሰላምታ አላውቅም። እናቴ ስትሞት አባቴ ብቻቸውን ቀሩ፤ እኔም ስንት ጣጣ አይቼ ወደምኖርበት ወደ ሆላንድ፣ ዴንሃግ አመጣኋቸው።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃው ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ለፍየል ነው ወይ የሠሩት ያሰኛል። መስኮት ሥር ጥሩ ወንበር አስቀመጥኩላቸው፤ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ትራም ሲያልፍ ያያሉ፣ ዝናብ ሲዘንብ ያያሉ። ምግብ ሳቀርብ "ይበቃኛል"፣ ቴሌቪዥን ስከፍት "ዝጊው"። ቃል የሚወጣቸው አንድ ነገር ሊለምኑኝ ብቻ ነው፦ "ልጄ፣ ቲኬት ቁረጪልኝና አገሬ ልግባ።"

የትኛው አገር? ቤቱ ተሽጧል፣ እናቴ የለች፣ እኔ ወንድም የለኝ እህት የለኝ። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ይህንኑ ሲደግሙልኝ ደሜ ፈላና "እዚያ ማን ይቀበልዎታል?" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ኩሽና ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ብሰዳቸው ብቻቸውን ሊሞቱ ነው፤ ባስቀራቸው ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሊያልቁብኝ ነው።

ሥራዬ ቱስዞርግ ነው። በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። ራይስዋይክ ከሚኖሩት ደንበኞቼ አንዱ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጆሯቸው የደከመ፣ አንዱ ጉልበታቸው በብረት የተተካ ሽማግሌ ናቸው። "ሜኔር" እላቸዋለሁ፤ እዚህ አገር "አቶ" እንደማለት ነው። እግራቸው እንዳያብጥ ጠዋት ጠዋት አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አጠልቅላቸዋለሁ። ካልሲው እልኸኛ፣ ሜኔር እልኸኛ፣ እኔም ብሆን የዋዛ አይደለሁም፤ ቀናችንን በንትርክ እንጀምራለን።

አንድ ጠዋት "በመከር ወር ድብ ላድን ነው" አሉኝ።

"በዚህ ካልሲ?" አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በወጣትነታቸው የገደሉት የከርከሮ ራስ ተሰቅሏል። ድብ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ አልሆነላቸውም። አሁን ክሮኤሺያ ውስጥ ጠመንጃውንም ማደሪያውንም የሚያዘጋጅ መሪ አግኝተዋል። ሐኪማቸው ብቻህን አትሄድም ብሏቸዋል፤ መሪው ደግሞ አንድ ሰው ይዘው መምጣት ይችላሉ ብሏል። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ግን የላቸውም፤ ልጃቸው አውስትራሊያ ነው።

"አባቴ እኮ አዳኝ ይመሩ ነበር" የሚል ነገር አመለጠኝ። ሜኔር ግማሹን ካልሲ እንዳጠለቁ እጄን ለቀም አደረጉት። "አምጪያቸው!" አሉ።

ማታ ለአባቴ ስነግራቸው ከመስኮቱ ዞር አሉ። "ድብ?" አሉ። "ያሸታል? ዛፍ ይወጣል? ብቻውን ነው በመንጋ የሚሄደው?" ወይ ጉድ! ከመጡ ጀምሮ አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አሁን በጥያቄ አጣደፉኝ። ስለ ድብ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ "ትልቅ ነው" አልኳቸው።

ሥራ በሌለኝ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ትራሙ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሜኔር ቡና ቀድተው የብስኩት ቆርቆሮ ከፈቱና "ብስኩት?" አሏቸው። አባቴ እንደ ወጉ "የለም፣ ጠግቤያለሁ" አሉ። ቆርቆሮው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ስንመለስ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሰውየው ቸግሯቸዋል እንዴ?" አሉኝ። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ሜኔር ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ የአባቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ድቡ አልነበረም። "ሲመለሱ ተቀባያቸው ማነው?" አሉ። በእሳቸው አሠራር ሰፈር የሚቀር፣ እሳት የሚያነድ፣ ከቀሩ ፈልጎ የሚመጣ አንድ ሰው ሳይሰየም አደን አይወጣም። ባሌ ውስጥ ይህ ሰው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። ተረጎምኩላቸው። ሜኔር ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው "ታክሲ ይቀበለኛል" አሉ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን በኋላ እንመለስበታለን በያቸው" አሉኝ፤ ስለ ነፋሱም መጠየቅ ጀመሩ።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። አባቴ ሁሉንም የሚያውቁ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ድብ ብዙ ተሳስተዋል። ዱካውን ተከትለን ቀትር ላይ ውሃ ሲወርድ እናገኘዋለን አሉ። መሪው በስልክ ይህን ሲሰማ ሳቀና፣ እዚያ የሚታደነው በጨረቃ ብርሃን፣ ከእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ ነው አለ። "ማማ ላይ?" አሉ አባቴ። "ማሽላ ልንጠብቅ ነው እንዴ!" ብለው እሳቸውም ሳቁ። የአባቴን ሳቅ ከረሳሁት ቆይቼ ነበርና አንጀቴ ራሰ።

ከዚያ ልምምድ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሜኔር በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ሳያስሉ፣ ሳይንቀሳቀሱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የሚጠብቁት የጎረቤት ድመት ነው። ቋንቋ የላቸውምና አባቴ ዘዴ ፈጠሩ፦ በግራ በኩል ኮሽታ ከሰሙ የሜኔርን ግራ ጉልበት፣ በቀኝ ከሆነ ቀኙን ነካ ያደርጋሉ። ሜኔር የማይሰማቸውን ድመት በጉልበታቸው ይሰሙታል። እኔ ውስጥ ሆኜ ሳህን እያጠብኩ "ኧረ በስመ አብ፣ እነዚህን ሰዎች ጠብቃቸው" እላለሁ። አባቴ በዚያ ሰሞን ደህና አድርገው ይበሉ ነበር፤ ስለ ቲኬትም አላነሱብኝም።

የጉዞው ቀን ሲቃረብ ሜኔር ጉሮሯቸውን ጠራርገው "አብረውኝ ይሄዳሉ?" ብለው ጠየቁ። እኔ ስተረጉም የአባቴ ዓይን በራ። አፋቸው ግን የተማረውን ተናገረ፦ "አይ፣ እኔ ሽማግሌ ምን እሠራላቸዋለሁ፤ ሸክም መሆን ነው፤ ይቅርብኝ በያቸው።"

አልኳቸው። ሜኔር "ያመር" አሉ፤ "ያሳዝናል" ማለታቸው ነው። በጣም እንዳዘኑ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያም ስለ ጓንት ማውራት ጀመሩ።

አባቴ ሁለተኛውን ልመና መጠበቅ ያዙ። እኔም አብሬ ጠበቅኩ፤ ይህን ያህል ዓመት እዚህ አገር ኖሬ! ከሥራ ስገባ ፊቴን ያዩና "ሜኔር ደህና ናቸው?" ይላሉ። "ደህና ናቸው።" "ምንም አላሉ?" "አላሉም።" ጫማቸውን ቀለም ቀብተው በሩ ሥር አስቀምጠውታል። አንድ ጠዋት ካልሲውን ሳጠልቅ ሜኔር "የታችኛው ቤት ጎረቤቴ አብሮኝ ሊሄድ ነው፤ ብርድ አይወድም፣ ግን እሺ አለኝ" ሲሉኝ ክው አልኩ።

ለአባቴ መንገር ግድ ሆነብኝ። "ጥሩ አደረጉ" አሉ። ጫማቸውን አንስተው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ማታ እራት ሳቀርብ "ልጄ፣ ቲኬቴን ቁረጪልኝ" አሉኝ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ልመና አልነበረም፤ ቁርጡን ነበር የነገሩኝ።

እዚሁ የተወለደችው ልጄ ነገሩ አልገባትም። "እማ፣ አያቴ ራሱ 'ኔይ' አለ አይደል? ኔይ ማለት ኔይ ነው" አለችኝ፤ "አይ" ማለቷ ነው። ወደ እሳቸው ዞራም "መሄድ ከፈለግህ ለምን አልፈልግም አልክ?" አለቻቸው፤ አያቷን አንተ ማለቷን ከተውኩት ቆይቻለሁ። አባቴ "አንድ ጊዜ ተጠርቶ ዘው የሚል ሰው አለ እንዴ?" አሉ። እሷም እሳቸውም ልክ ናቸው፤ መሀል ቆሜ የምቃጠለው እኔ ነኝ!

በማግስቱ ጠዋት ካልሲውን ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት።

"ኦው!" አሉ ሜኔር። "ምን አደረግኩሽ?"

"አባቴን ለምን መልሰው አልጠየቋቸውም?"

"አልፈልግም አሉ እኮ!"

"አንድ ጊዜ ነው ያሉት።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?"

"እሺ እስኪሉ።"

ሜኔር ግራ ገባቸው። "ከልባቸው አልፈልግም ቢሉስ? በምን አውቃለሁ?"

"ያኔ ይቆጡዎታል፤ አይጠፋዎትም" አልኳቸው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ጉልበታቸው ሥር ተንበርክኬ፣ ካልሲ እየጎተትኩ አስረዳኋቸው። ስወጣ ግን እንደ ወትሮው ደህና ዋይ ብቻ አሉኝ፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከመስኮቱ "ልጄ! ልጄ! ሰውየው!" ብለው ጮሁ። ወርጄ ስደርስ ሜኔር በከዘራቸው ደረጃውን ጀምረዋል። በየእርከኑ እያረፉ፣ በዚያ ብረት ጉልበት ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ላብ በላብ ሆነው ቤት ገቡና ሳይቀመጡ "አብረውኝ ይሂዱ" አሉ።

"ምነው፣ ለእኔ ብለው ይህን ሁሉ ደረጃ!" አሉ አባቴ። "አይሆንም፣ ይቅርብኝ።"

ሜኔር ወደ እኔ አዩና አንድ ጣታቸውን አነሱ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። "ጎረቤቴ ያንኮራፋል" አሉ ቀጥለው፤ "ከእሱ ጋር አልሄድም፤ እሱም ሲቀርበት ደስ ነው ያለው። እርስዎ ይምጡ።"

"ኧረ ተዉኝ፣ ሰው ላስቸግር ነው?" አሉ አባቴ።

ሜኔር ጣታቸውን ማንሳት ተዉ። ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። "ድቡ ቢመጣ እኔ አልሰማውም" አሉ። "ጨለማው ውስጥ ከማንም ጋር ብቀመጥ ብቻዬን ነኝ። በረንዳዬ ላይ ከእርስዎ ጋር ስቀመጥ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። እርስዎ ካልመጡ ጉዞውን እተወዋለሁ።"

ተረጎምኩላቸው። አባቴ ላብ የሞላውን የሜኔርን ፊት አዩ። ከዚያ "ካስቸገሩኝማ ምን አደርጋለሁ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ፦ "አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ! ለእንግዳ ምግብ አቅርቢ እንጂ!"

እሰይ! ያለኝን ሁሉ አቀረብኩ። ሜኔር "የለም፣ ጠግቤያለሁ" አሉና በዓይናቸው እየሳቁ፣ አባቴ "በሞቴ" ብለው ደጋግመው እስኪለምኗቸው ጠበቁ።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ሜኔር በታክሲ መጡና ሻንጣው ሁሉ ከበር ተደረደረ። አባቴ የቀሩትን ነገሮች አንድ በአንድ አነሱ፤ ጓንቱ፣ ካልሲው፣ መድኃኒቱ። ከዚያም "ያቆየነው ጉዳይ አለ፤ ተቀባይ" አሉ። ሜኔር እንደገና ስለ ታክሲ ሊናገሩ ሲሉ አባቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። "ታክሲ እሳት አያነድም። ተቀባያችን እሷ ናት በያቸው። የእሳቸውም፣ የእኔም።"

ያን ዓረፍተ ነገር መተርጎም አቃተኝ። ሆላንድኛው ጠፍቶኝ አይደለም። "እዚያ ማን ይቀበልዎታል?" ብዬ ካሳመምኳቸው ቀን ጀምሮ መልሱን ይዘውት ኖረዋል፤ ተቀባያቸው እኔ ከሆንኩ የሚመለሱት ወደዚህ ነው። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ሜኔር ሁለታችንን አዩ፤ ሳልተረጉምላቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው ሻንጣቸውን አነሱ።

ድቡ አልመጣም። አንድ ምሽት ከማማው ጀርባ ቅርንጫፍ ሲሰበር አባቴ ሰምተው የሜኔርን ቀኝ ጉልበት ነካ አድርገዋል፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠብቀዋል፤ ድቡ ግን ወደ ብርሃኑ ሳይወጣ ሄዷል። ሜኔር እስከ ዛሬ ይህን ሲያወሩ ድብ የጣሉ ነው የሚመስሉት። ሌላ ጉዞ እያሰቡ ነው፤ አባቴም ቲኬት ቁረጪልኝ የሚሉኝ ለዚያ ነው።

የተመለሱ ዕለት ስኪፖል አየር ማረፊያ መውጫው በር ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ተከፍቶ ተዘጋ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ጎን ለጎን ብቅ አሉ። አባቴ ከሩቅ አዩኝ። ባርኔጣቸውን አነሱና ያ ሁሉ ሰው እያያቸው "እሳት አለ?" ብለው ተጣሩ።

"አለ አባባ!" ብዬ ጮህኩ። "ይግቡ!"