የጠረግሁት አረፋ

ንጉሡ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በወጡበት ዘመን፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለች አጥቢያ ደብተራ ነበርሁ። ሬሳ የምገንዘውም እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሙታን ከሕያዋን ይሻሉኝ ነበር፤ ቢያንስ አይከራከሩም።

በነሐሴ አንድ ጎረቤታችን በሬሳ በሚባለው ወንዛችን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ተሰንጥቋል። ስገንዘው ካፉና ካፍንጫው ደም የነካው ነጭ አረፋ ወጣ። ጠረግሁት፤ ደረቱን ስነካው እንደገና ወጣ። ሰው አፉ ሳይጠራ አይቀበርምና አጥብቄ ጠርጌ አፍንጫውን በጥጥ ደፈንሁ። በዚያው ቀን ተቀበረ። ሥራዬን አሳመርሁ ብዬ ኮራሁ፣ እኔ ጅሉ!

በሦስተኛው ቀን የሟች ወንድም "በድንጋይ ፈንክተው ነው ወንዝ የጣሉት!" ብሎ ጮኸ። ሟች በድንበር የተጣላው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበር። ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ንቅንቅ የለም።

ተነሥቼ "ሞቶ የተጣለ ሰው አረፋ አይደፍቅም። ይኸ ግን ስገንዘው አረፋ ደፍቋል፤ ውሃውን በሕይወት ሳለ ስቦታል። ግንባሩን የፈነከተው የወንዙ ድንጋይ ነው" አልሁ።

"ሌላ ማን አየ?" አለ ጭቃ ሹሙ።

ስገንዘው አብረውኝ የነበሩትን ቄስ፣ አባን፣ አየኋቸው። "እኔ ፍትሐቱን ነው ያደረስሁ፤ ዓይኔም ፈዟል" አሉ።

"አንተ ደብተራ፣ ታዲያ ለምን ጠረግኸው?"

"ለክብሩ" አልሁ። ሰው ሳቀ። አንዱ "ወንድም ለወንድሙ ምን የማይል አለ!" አለ። መቃብሩ ይከፈት ብል የሟች ወንድም ጎራዴውን መዘዘ።

ሁለት ቀን ዝናብ ወረደብን። እህላችንን አረም እየዋጠው፣ እኛ ጭቃ ላይ እንደ በግ ታጉረን ተቀመጥን። ከዚያ ሰዉ ተራ በተራ ጭቃ ሹሙ ወደ ሰየመው ሽማግሌ እየቀረበ የሚጠረጥረውን በጆሮው ይነግረው ጀመር። ክፋት አልነበረም፤ ቤቱ መግባት ፈልጎ ነው። ቢሆንም ጠላኋቸው፣ ሁሉንም።

ተራዬ ሲደርስ ሽማግሌው "የቀረኸው አንተ ነህ። ሁሉም ወንድምህን ብሏል። አንተ ካልጨረስህ ይኸ ሁሉ ሰው እዚሁ ይከርማል" አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ሜዳው ሙሉ ዓይኑን ጥሎብኛል።

የወንድሜን ስም ጠራሁ።

ሰዉ ወዲያው ተበተነ። ወንድሜን እጁን አስረው ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ።

"ወንድምዬ፣ ስሜን ያልጠራኸው አንተ ብቻ ነህ" አለኝ። "ሚስቴንና ልጆቼን አደራ።"

እሺ አልሁት።