ካርቶኑ ሲሄድ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ደግሞ የሰፋችውን በካውያ እተኩሳለሁ። ስለሷ ብዙ የሚጻፍ ነገር ያለ አይመስልም፤ ትሰፋለች፣ ሰው ትተርባለች፣ በቃ። የምንሠራው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናዋ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ጠረጴዛው ወደኔ ትንሽ ያዘነብላል። ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል።

ልጇን የሚይዝላት ስላልነበረ በካርቶን አድርጋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ መኪናው አጠገብ ታስተኛት ነበር። ሕፃኗ ሞተሩ ካልጮኸ አትተኛም።

"ካንቺ ይልቅ መኪናውን ነው የምትወደው" ስላት፣

"ዝም በይ አንቺ! ያንቺን ካውያ የሚወድ እንኳ የለም" ትለኛለች።

ጠረጴዛው ላይ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ጠባዩን እናውቃለን። ሞተሩ ቀስ ሲል ቁልፉ ባለበት ይርገበገባል። በጣም ሲፈጥንም ያው ነው። መሀል ላይ ግን አንድ ፍጥነት አለ፤ ያኔ ጠረጴዛው ያብዳል፣ ቁልፉም እየዘለለ ጫፍ ድረስ ሄዶ ይወድቃል። እህቴ ያንን ፍጥነት በእግሯ ስለምታውቀው ቶሎ ረግጣ ታልፈዋለች። ካርቶኑ ይሄዳል ብሎ ግን ማን ያስባል? ከባድ ነዋ።

አንድ ቀን ወፍራም መጋረጃ መጣ። ሞተሩ ከበደውና ብትረግጠውም አልፈጥን አለ፤ እዚያው መሀሉ ላይ ቀረ። የጨርቁ ክምር በሷና በልጇ መሀል ቆመ። እኔ ለካውያው ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ስመለስ ቁልፎች መሬት ላይ ይረግፋሉ። "እታለም፣ ቁልፍሽን ጨረስሽው!" ብዬ ሳቅኩ። ቀና ስል ካርቶኑ በኔ ጫፍ ነው። ግማሹ አየር ላይ።

"ልጅቷ!"

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ካርቶኑ ሲያዘነብል በሆዴ ተቀበልኩት። ውሃው ተደፋ። እህቴ ደንግጣ እግሯን አነሳች፣ ሞተሩም ቆመ። ሕፃኗ ያን ጊዜ ነው ነቅታ ያለቀሰችው። እስከ ጫፉ ድረስ ተኝታ ነበር የሄደችው! ይሄ ነገር እስካሁን ይዘገንነኛል።

ያቺ ተረበኛ እህቴ ልጇን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ አንድ ቁልፍ አንስታ ካርቶኑ የነበረበት ቦታ አስቀመጠች። መጋረጃውን መልሳ ሰፋች። ቁልፉ እየዘለለ ሄደ፣ ወደቀ።

"አየሽ?" አለችኝ። "የገፋኋት እኔ ነኝ። በገዛ እግሬ።"

ከዚያ ነጠላዬን ተቀብላ ልጇን አዘለችና ካርቶኑን በእግሯ ጨፈለቀችው።